ማግኔት ይስባል እንጂ አይሸከምም

ሞዴል መገጣጠም የጀመሩ ልጆች ስለ ማግኔት ሲጠይቁኝ ጥያቄያቸው ሁሌ አንድ ነው፣ «ጠንካራው የቱ ነው?» ኤን 52 ይሻላል ወይስ ኤን 35 (የማግኔት ጥንካሬ ደረጃ ነው)፣ ወፍራሙ ወይስ ቀጭኑ፣ ምናምን። የኔ መልስ ደግሞ ሁሌ ያናድዳቸዋል፣ ምክንያቱም ጥንካሬው ያን ያህል ለውጥ አያመጣም ነው የምላቸው። የሞዴሉ ክንድ ቁልቁል የሚያዘቀዝቀው ወይ ጠረጴዛ ላይ የሚወድቀው ማግኔቱ ሰነፍ ስለሆነ አደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ የማይችለውን ስራ ስለሰጣችሁት ነው። እሱን ነገር ዛሬ ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ግን ነገሩን ጭራሽ ለማታውቁት ሁለት ቃል። ዋርሃመር 40,000 የሚባል ጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱት የጦርነት ጨዋታ አለ፣ የሚያመርተው ኖቲንግሃም ያለው ጌምስ ወርክሾፕ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ ነው፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1975 ተቋቋመ ጨዋታው ደግሞ በ1987 ወጣ። ወታደሩም ታንኩም ሮቦቱም ተነጣጥሎ ፕላስቲክ ፍሬም ላይ ነው የሚመጣው፣ እናንተ ትቆርጣላችሁ፣ ታጣብቃላችሁ፣ ቀለም ትቀባላችሁ፣ ከዛ ይዛችሁት ሄዳችሁ ከሰው ጋር ትጫወታላችሁ። እናቴ ስልክ ላይ «አሁንም ያንን አሻንጉሊት እየነካካህ ነው?» ትለኛለች፣ እኔም አዎ እማዬ እላታለሁ፣ ምን ልበላት።

እና ማግኔቱ ምን ይሰራል ካላችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ካርቶን ስትገዙ ውስጡ አንድ ሮቦት ነው ያለው የጦር መሳሪያው ግን አራትም አምስትም አይነት ነው፣ መትረየስ አለ፣ መድፍ አለ፣ እሳት የሚተፋው አለ፣ ጡጫ አለ። አንዱን መርጣችሁ ሙጫ ካደረጋችሁበት በቃ አለቀ፣ የቀረው መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ችግሩ ግን የጨዋታው ደንብ ባለበት አይቆምም። በ2017 አዲስ እትም ወጣ፣ በ2020 ሌላ፣ በ2023 ደግሞ ሌላ፣ በየሶስት አመቱ ገደማ ማለት ነው፣ በመሀል የሚመጡትን ማስተካከያዎች ሳንቆጥር። ድሮ ጠንካራ መሳሪያ ስትመርጡ ለሰራዊታችሁ ከተመደበው ነጥብ ላይ ትከፍሉበት ነበር፣ በ2023ቱ እትም ላይ ግን መሳሪያው ለብቻው ነጥብ አይቆጠርበትም፣ ስለዚ ሁሉም ሰው ዞሮ ዞሮ ጎበዝ የተባለውን ነው የሚይዘው፣ ከዛ በማስተካከያ ጎበዙ ሰነፍ ይሆንና መሳቢያ ውስጥ የተጣለው ይፈለጋል። ኢምፔሪያል ናይት የሚባለው ትልቁ ሮቦት ደግሞ ከ150 ዶላር በላይ ነው፣ በሌላ መሳሪያ ላየው ብሎ ሁለተኛ የሚገዛ ካለ እግዚአብሄር ይርዳው እንጂ እኔ አላደርገውም። 3 ሚሊሜትር ማግኔት መቶው በአስር ዶላር አካባቢ ይገኛል። ሂሳቡን ለናንተ ልተውላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፍሪጅ ላይ የለጠፋችሁትን ማግኔት መጀመሪያ ቀጥ አርጋችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡት፣ ከዛ ደግሞ ወደ ታች ግፉት። ለመንቀል ትንሽ ይታገላችኋል፣ ለማንሸራተት ግን ምንም አይላችሁ ሸርተት ይላል። ልስልስ ያለው የማግኔቶቹ የኒኬል ሽፋን በኒኬል ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፣ ለማንሸራተት የሚያስፈልገው ጉልበት ለመንቀል ከሚያስፈልገው አንድ አምስተኛ ገደማ ቢሆን ነው። እና አስቡት፣ የሮቦት ክንድ ትከሻው ጎን ላይ ነው የሚለጠፈው፣ ስበቱ ወደ ጎን ነው፣ ክብደቱ ግን ወደ ታች። ማለትም ማግኔቱን በደካማ ጎኑ ነው ያሰማራችሁት! ኤን 52 ሳይሆን ኤን 500 ቢኖር እንኳን ያው ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ርዝመት ነው። ስድስት ሰባት ሴንቲሜትር ወደ ፊት የወጣ መድፍ ክብደቱ ትንሽ ቢሆንም ጫፉ ላይ ሆኖ ነው የሚጎትተው፣ መጋጠሚያው ታችኛው ጠርዝ ላይ ይደገፍና ከላይ በኩል ይገነጠላል። እዚ ጋ የሚረዳው የማግኔቱ ስፋት ነው ውፍረቱ አደለም። ስለዚ 3 በ 2 እና 5 በ 1 መሀል ከሆናችሁ (የመጀመሪያው ቁጥር ወርዱ ነው፣ ሁለተኛው ውፍረቱ፣ በሚሊሜትር) ቦታው ከቻለላችሁ 5 በ 1 ውሰዱ። ቦታ ከሌለ እና ጉድጓዱ ጥልቅ መሆን ከቻለ ደግሞ 3 በ 2፣ ምን ታረጉታላችሁ።

ሶስተኛው ክፍተት ነው። ትንንሽ ማግኔት ጉልበቱ ያለው እዛው ቆዳው ላይ ነው፣ በመሀል ግማሽ ሚሊሜትር ክፍተት ከገባ ብዙው ጉልበት ይጠፋል። ግማሽ ሚሊሜትር ደግሞ ከየትም አይመጣም እንዳትሉ፣ ትንሽ ጠልቆ የገባ ማግኔት፣ ላዩ ላይ የደረቀ ሙጫ፣ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባው)፣ ሁለት ሶስት ዙር ቀለም፣ ይኸው ሞላ። የማግኔቱ ፊት ላይ ቀለም አይቀባም፣ ስፕሬይ ከማድረጋችሁ በፊት ሌላ ማግኔት ወይ ክብ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉበት፣ ኋላ ታነሱታላችሁ።

እና መፍትሄው ምንድነው? ክብደቱን ፕላስቲኩ ይሸከም፣ ማግኔቱ እንዳይወጣ ብቻ ይያዝ። በቃ ይሄ ነው። ፋብሪካው የሰራውን መጋጠሚያ ወንዴና ሴቴውን አትቁረጡት፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን ነው፣ ወንዴውን በመቁረጫ ቀጭ አርጎ ላዩን በሞረድ ደልድሎ ማግኔት ያስቀምጥበታል፣ ያምራል፣ ንጹህ ነው፣ ግን ክብደቱን ይሸከም የነበረውን ነገር ጣለው ማለት ነው። እሱን ትታችሁ ወንዴው ጫፍ ላይ እና ሴቴው ወለል ላይ ቆፍሩ፣ ክንዱ እንደ ድሮው ሶኬቱ ውስጥ ይቀመጣል ማግኔቱ ደግሞ ከውስጥ ያዝ ያረገዋል። መጋጠሚያው ከመጀመሪያውም ለጥ ያለ ከሆነስ፣ ያኔ አንዱን ማግኔት ግማሽ ሚሊሜትር ብቅ አርጉት፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ግማሽ ሚሊሜትር ዝቅ አርጉት። አሁን ማግኔቱ ራሱ ወንዴና ሴቴ ሆነላችሁ፣ ወደ ታች ቢጎተት የፕላስቲኩ ጠርዝ ነው የሚይዘው። ይቺን ካወቅኩ ወዲህ ትልልቅ ማግኔት መግዛት ተውኩ።

ክንዱ ቦታው ላይ ሆኖ ዝም ብሎ የሚሽከረከር ከሆነ፣ ማለት መድፉ ቀስ እያለ መሬት መሬት የሚያይ ከሆነ፣ አንድ ትልቅ ከማድረግ ሁለት ትንንሽ ጎን ለጎን አድርጉ። ሁለቱን ግን በተቃራኒ ዋልታ ነው የምታስቀምጧቸው፣ አንዱ ሰሜኑን ወደ ውጪ ሌላው ደቡቡን ወደ ውጪ። እንዲህ ሲሆን መሳሪያው በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚገባው፣ ገልብጣችሁ ብትሞክሩ ይገፋችኋል፣ ትንሽ ጠመም ቢል ራሱ ቀጥ ይላል። ያው መሀላቸው ትንሽ ራቅ ይበል፣ በጣም ከተጠጋጉ አንዱ ሙጫው ሳይደርቅ ተፈናጥሮ ከሌላው ጋር ይለጠፋል፣ ከዛ ወዲያ ያለውን አታድርስ ነው።

የቱ መጋጠሚያ ነው ማግኔት የሚገባው የሚለው ላይ እኔ ትንሽ ጨካኝ ነኝ። ድሬድኖት የሚባለው ሮቦት ክንድ፣ አዎ። የናይት ክንድና ትከሻ ላይ የሚቀመጠው ሮኬት፣ አዎ። የታንክ አናት ላይ የሚዞረው ክፍል ማግኔት አያስፈልገውም፣ ራሱ ጉድጓዱ ውስጥ በክብደቱ ይቀመጣል፣ ጎን ላይ ያሉት መትረየሶች ግን አዎ። ታው የሚባለው ሰራዊት ያሉት ክራይሲስ የሚባሉ የሚበሩ የጦር ልብሶች፣ እነሱማ ለማግኔት የተፈጠሩ ናቸው፣ መሳሪያቸው ብዙ፣ መጋጠሚያቸው ቀላል። ተራ እግረኛ ወታደር እጅ ላይ ግን፣ ኧረ በናታችሁ። 1 ሚሊሜትር ማግኔት አንጓ ላይ የሚቀብሩ ሰዎች አሉ፣ አይቻለሁ፣ አደንቃለሁም፣ ግን አስር ወታደር በሁለት በሁለት ክንድ አስቡት። የአንድ ወታደር ዋጋ ትንሽ ነው፣ ሌላ ግዙና ሌላ መሳሪያ አስይዙት። አመት ሙሉ ክንድ ሲቆፍር ቆይቶ ቀለም ሳይነካ ሆቢውን የተወ ሰው አውቃለሁ።

እሺ አሁን ስራው። ሪዴምፕተር የሚባለውን የድሬድኖት አይነት እንውሰድ፣ ቀኝ ክንዱ ወይ ባለብዙ አፍሙዝ መትረየስ ወይ የፕላዝማ መድፍ ነው የሚይዘው፣ ለጀማሪ ከዚ የተሻለ የለም። የኤሌክትሪክ ድሪል እርሱት፣ ፕላስቲኩ ፖሊስታይሪን ነው በሙቀት ይቀልጣል፣ ፑንታው ላይ ይጠመጠማል ቀዳዳውም ይሰፋል። በጅ የሚዞረውን ትንሿን መሰርሰሪያ ያዙ። መሀሉን በእርሳስ ምልክት አርጉና በመርፌ ወጋ አርጉት፣ መርፌው የወጋት ነጥብ ናት ፑንታው እንዳይንሸራተት የምትይዘው፣ እሷን የዘለለ ሰው ቀዳዳው መሀል ላይ አይሆንለትም። ከዛ በ1 ሚሊሜትር ፑንታ ጀምሩ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ሳትጫኑ፣ ፑንታው ራሱ ይግባ፣ ነጭ ጥምዝ ጥምዝ ያለ ፍቅፋቂ ሲወጣ በትክክል እየሄደ ነው ማለት ነው፣ ዱቄት ከሆነ ግን ወይ ፑንታው ደንዟል ወይ እየገፋችሁት ነው። ሁለት ሶስት ዙር ካዞራችሁ በኋላ ከላይም ከጎንም እዩት፣ ከጠመመ በ1 ሚሊሜትር ላይ እያላችሁ ነው ማስተካከል የምትችሉት። ከዛ በ2፣ ከዛ በ3። የ3 ሚሊሜትር ማግኔት በ3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ውስጥ ሙጫ ሲጨመርበት ይጠባል፣ 3.1 ወይ 3.2 ፑንታ ካገኛችሁ መጨረሻው በሱ ይሁን፣ ካላገኛችሁ በምላጭ ጫፍ ዙሪያውን ፋቅ ፋቅ አርጉት። ጥልቀቱን ለመለካት ፑንታው ላይ ከጫፉ በማግኔቱ ውፍረት ልክ ፕላስተር ጠምጥሙ፣ ፕላስተሩ ፕላስቲኩን ሲነካ አቁሙ።

ማግኔቱን በደረቁ ሞክሩት፣ ማለትም ያለ ሙጫ። ግን ተጠንቀቁ፣ በደንብ ልክ የሆነ ቀዳዳ ውስጥ ያለ ሙጫ የገባ ማግኔት አይወጣም። ለማውጣት ሌላ ማግኔት ወይ የምላጭ ጀርባ አስጠጉበት።

ዋልታ ላይ ሰው ሁሉ ይጨነቃል፣ በስርአት ከተያዘ ግን ቀላል ነው። አንድ የእንጨት ዘንግ ውሰዱ፣ የአይስክሬም እንጨትም ይሁን የጥብስ፣ አንዱ ጫፍ ላይ አንድ ማግኔት ለጥፉ፣ ሌላው ጫፍ ላይ ሌላ፣ ዋልታቸው ተቃራኒ ሆኖ ማለት ነው። አንዱን ጫፍ ቀይ ቀቡት ሌላውን ሰማያዊ። ሰውነት ላይ የሚገባ ማግኔት ሁሉ ከቀዩ ጫፍ አንስታችሁ ነው የምታስገቡት፣ ክንድ ላይ የሚገባው ሁሉ ከሰማያዊው። በቃ። ዛሬ የሰራችሁት ድሬድኖት የዛሬ ሁለት አመት ከምትሰሩት ክንድ ጋር ይገጥማል፣ ለጓደኛችሁ ብታውሱትም የሱ ዘንግ ከናንተ ጋር አንድ ከሆነ ይገጥማል፣ እኔ በምጫወትበት ቦታ ያለን ልጆች ሁላችንም ከአንድ ዘንግ ነው የቀዳነው። በየጊዜው «ይሄ ወዴት ነበር» እያሉ በማርከር ነጥብ ማድረግም ይሰራል፣ ግን ማርከሩ በሱፐር ግሉ ይለቃል፣ ጣት ላይም ይቀራል፣ ከዛ ግምት ነው።

ዋልታ ጭራሽ አልፈልግም ካላችሁ ደግሞ በአንድ በኩል ማግኔት በሌላው በኩል ብረት አድርጉ። የተቆረጠ የምስማር አናት ይሆናል፣ የስፌት መርፌ ቁራጭ ይሆናል፣ ትንሽ ቆርቆሮም ይሆናል። በማንኛውም በኩል ይያዛል። ጉልበቱ ከማግኔት በማግኔት ያነሰ ነው፣ ለቀላል ነገር ግን፣ ለጀርባ ቦርሳ፣ ለራስ ቁር፣ ለታንክ በር፣ ይበቃል። የማይዝገውን ብረት ግን መጀመሪያ ሞክሩት፣ ብዙ የኩሽና ስቴንለስ ማግኔት አይነካውም።

ሙጫ። የፕላስቲክ ሞዴል ሙጫ የሚሰራው ፕላስቲኩን አቅልጦ እርስ በርስ በማዋሃድ ነው፣ ብረትን አያቀልጥም፣ ስለዚ ማግኔት አይዝም። ሱፐር ግሉ ነው የሚያስፈልገው፣ እሱም ቀጭኑ ሳይሆን ወፈር ያለው ጄል የሚሉት። በስቲኪኒ ጫፍ ትንሽ ጠብታ ቀዳዳው ወለል ላይ፣ ጎኑ ላይ አደለም፣ ማግኔቱ ሲገባ ሙጫው ራሱ ወደ ጎን ይወጣል። ሱፐር ግሉ የሚደርቀው ከአየሩ በሚያገኘው እርጥበት ነው፣ በዛ ብሎ የፈሰሰ ሙጫ ቀዳዳ ውስጥ ታፍኖ ሲቀር ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ ማግኔት «ደርቋል» ተብሎ ሲሞከር ከነሙጫው ተነቅሎ ሌላው ላይ የሚለጠፈው ለዚህ ነው። ትንሽ ሙጫ፣ ብዙ ትእግስት፣ እሱን ሰርታችሁ ወደ ሌላ ስራ ሂዱ፣ ነገ ተመለሱ። ግድ መሞከር ካለባችሁ ደግሞ በመሀል ፌስታል አድርጉ፣ ስስ የሆነች ቁራጭ ፌስታል፣ ሙጫ ሾልኮ ሁለቱን ማግኔት እንዳያጣብቅባችሁ። ለትልልቁ፣ ለናይት ትከሻ አይነቱ፣ ሁለት ሆኖ የሚደባለቀው ኤፖክሲ ይሻላል፣ ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ግትር ነው በተደጋጋሚ ሲነቀልና ሲገጠም ይሰነጠቃል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር፣ ይሄ ሁሉ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ሳስብ ይገርመኛል። 3 ሚሊሜትር የሆነ ነገር ክንድ መያዝ የቻለው ኒዮዲሚየም ማግኔት ስለመጣ ነው፣ እሱ ደግሞ ገና የ1980ዎቹ ስራ ነው። ከሱ በፊት ጠንካራው ማግኔት ሳማሪየምና ኮባልት ነበር፣ ኮባልቱ ደግሞ በብዛት ከዛየር ከዛሬዋ ኮንጎ ነበር የሚመጣው፣ በ1978 ሻባ ግዛት ላይ ጦርነት ሲነሳ ዋጋው ሰማይ ነካ። ኩባንያዎቹ ኮባልት የሌለበት ማግኔት ፍለጋ ገቡ፣ ጃፓን ውስጥ ሱሚቶሞ ስፔሻል ሜታልስ ጋ ማሳቶ ሳጋዋ፣ አሜሪካ ውስጥ ጄነራል ሞተርስ ጋ ጆን ክሮት፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ ሁለቱም ኒዮዲሚየም ብረትና ቦሮን ላይ ደረሱ። እነሱ ያሰቡት ሞተር ነበር፣ እኔ ሮቦት ክንድ አንጠለጠልኩበት። ኤን ቀጥሎ ያለው ቁጥርም የሚናገረው ማግኔቱ በይዞታው ልክ የሚያከማቸውን ከፍተኛ ኢነርጂ ነው፣ ሲተልቅ ጠንከር ይላል፣ ግን እንዳልኳችሁ መጋጠሚያው በስርአት ከተሰራ ኤን 35 ይበቃል።

ሙቀት አይወድም። ተራው አይነት ወደ 80 ዲግሪ ሲደርስ ጉልበቱን ማጣት ይጀምራል፣ ቢቀዘቅዝም ሙሉ ለሙሉ አይመለስለትም። ይሄ መኪና ውስጥ ለተረሳ ሞዴል ችግር አደለም፣ ፕላስቲኩ ቀድሞ ይጎዳል። ችግር የሚሆነው ሬዚን (ሌላ አይነት የሞዴል ፕላስቲክ) ላይ ነው፣ የተጣመመ የሬዚን ክፍል የምናቃናው የፈላ ውሃ ውስጥ ነክረን ነው አይደል፣ እሱን ማግኔት ከመግባቱ በፊት ጨርሱ። ማግኔቱን በሞረድ መሞረድ ወይ መቁረጥ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም፣ ተሰባሪ ነው፣ ላዩ ላይ ያለው የኒኬል ሽፋን ሲነሳ ይዝጋል፣ ዱቄቱም በቀላሉ እሳት ይይዛል። ጉድጓዱን ነው ማጥለቅ፣ ማግኔቱን ማሳነስ የለም።

ከክንድ ይልቅ ህይወቴን ያቀለለው ግን እውነቱን ለመናገር ቤዙ (ሞዴሉ የሚቆምበት መሰረት) ስር ያለው ነው። ሞዴሎቹን እንደ እንቁላል በስፖንጅ ጠቅልሎ መሸከም ቀረ፣ ፕላስቲክ ኮንቴነር ወለሉ ላይ ቆርቆሮ ለጥፌ ሁሉንም ቆመው ነው የምወስዳቸው፣ ፍሬን ብይዝም አይወድቁም። እዚ ጋ ያለው ጣጣ ያው ክፍተት ነው፣ ቤዙ ከስር ባዶ ስለሆነ ማግኔቱን ጣሪያው ላይ ከለጠፋችሁት ከቆርቆሮው ይርቃል፣ ሲርቅ አይዝም። ስለዚ እንዲህ ነው የማደርገው፣ ቆርቆሮው ላይ ፌስታል እዘረጋለሁ፣ 5 በ 2 ማግኔቱን ፌስታሉ ላይ አስቀምጣለሁ እሱ ከስር ካለው ቆርቆሮ ጋር ተሳስቦ ቀጥ ይላል፣ ቤዙ ውስጥ መሀሉ ላይ ሁለት ሆኖ የሚደባለቀውን አረንጓዴ ሞዴል ስቱኮ ኳስ አድርጌ እለጥፍና ቤዙን ከላይ ማግኔቱ ላይ እጫነዋለሁ። ስቱኮው ማግኔቱን ጠቅልሎ ይይዘዋል፣ ሌሊቱን ይደርቃል፣ ጠዋት ቤዙን ሳነሳው ማግኔቱ ልክ ከጠርዙ ጋር እኩል ነው፣ አልወጣም አልገባም። ቢወጣ ሞዴሉ ይወዛወዛል፣ ቢገባ አይዝም። በሀያ ቤዝ ይሄንን በአንድ ማታ መጨረስ ይቻላል፣ ሙዚቃ እየሰሙ።

ልጅ ያለበት ቤት ያላችሁ ደግሞ ይቺን በደንብ አንብቧት። አንድ ማግኔት የዋጠ ልጅ ምናልባት ያልፍለት ይሆናል፣ ሁለት ወይ ከዛ በላይ ከሆነ ግን፣ ወይ አንድ ማግኔትና አንድ ብረት፣ ሆድ ውስጥ አንዱ በአንዱ የአንጀት እጥፋት ሌላው በሌላው ሆነው ይሳሳባሉ፣ መሀል ያለው አንጀት ተጨፍልቆ ደም ያጣል፣ ይበሳል። መጀመሪያ ላይ ምልክቱ ተራ የሆድ ቁርጠትና ማስመለስ ነው፣ ሰው «ጉንፋን ነው» ብሎ ያሳልፈዋል። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አታድሩ፣ በዛው ሰአት ሆስፒታል፣ ማግኔት መሆኑን ተናገሩ። አሜሪካ ውስጥ የሸማቾች ደህንነት ኮሚሽን በ2022 ለመዝናኛ የሚሸጡ ልቅ ማግኔቶች ላይ ጠበቅ ያለ ደንብ ያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። እህቴ ልጆቿን ይዛ ስትመጣ የማግኔት ሳጥኔ ቁም ሳጥን አናት ላይ ይወጣል፣ ስራ ስጨርስም ጠረጴዛውን በትልቅ ማግኔት እጠርገዋለሁ፣ ምንጣፍ ውስጥ የገባ 2 በ 1 በአይን አይገኝም። እህቴ ግን አሁንም እዛ ክፍል አታስገባቸውም፣ ልክ ነች።

ስሪዲ ፕሪንተር ያላችሁ ቀድማችሁ ፋይሉ ላይ ጉድጓዱን መስራት ትችላላችሁ፣ ለ3 ሚሊሜትር ማግኔት 3.1 ወይ 3.2 አድርጉት፣ ሬዚን ከሆነ ውስጡን በደንብ እጠቡት፣ ያልደረቀ ሬዚን ጉድጓዱ ውስጥ ከቀረ ሙጫው አይዝም።

ለመግዛት፣ 3 በ 1፣ 3 በ 2 እና 5 በ 1 ካላችሁ አብዛኛው ስራ ይሰራል፣ 5 በ 2 ለቤዝ። 2 በ 1 ለታንክ መትረየስ ጥሩ ነው። ሲደርሳችሁ ካሊፐር ካላችሁ ለኩት፣ 3 የተባለው 2.9 ሆኖ ይመጣል፣ ፑንታችሁን በዛ ነው የምትመርጡት። ተደርድረው የመጡትን ሁሉንም አትፍቱ፣ አንድ አንድ እያላችሁ ወደ ጎን እያንሸራተታችሁ ውሰዱ፣ በሀይል ስትስቧቸው ተመልሰው ሲጋጩ ይፈነከታሉ። ወረንጦ ደግሞ የፕላስቲክ ወይ የቀርከሃ ይሁን፣ በብረት ወረንጦ ያነሳችሁት ማግኔት ቀዳዳው ውስጥ አልቀመጥም ብሎ ከነሙጫው ተመልሶ ወረንጦው ላይ ነው የሚወጣው።